ለገቢ የሚሮጥ ሞተር

ወልድያ ውስጥ ባጃጅ የሚጠግን ሰው ደጋግሞ የሚሰማት ልመና አለች፦ «ጋሼ፣ ትንሽ ክፈትልኝ።» ምኑ እንዲከፈት እንደሚፈልግ ለማኙ ራሱ ብዙ ጊዜ ለይቶ አያውቀውም። ማርሚታው ይቀደድ፣ ካርቡራተሩ ይስፋ፣ ቴስታታው ይላግ፣ ለእሱ ሁሉም አንድ ነው። ብቻ ከመናኸሪያ ሲነሳ አጠገቡ የቆመውን ጥሎት መሄድ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ መፍቻ ከማንሳቴ በፊት የምጠይቀው አለኝ፤ ባጃጁ የራስህ ነው ወይስ በገቢ የያዝከው? ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ዋጋ ልቆልልባቸው የፈለግሁ ይመስላቸዋል። ነገሩ ሌላ ነው።

ሞተር አጎልብቶ ማስሮጥ የቆየ ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የደቡብ ካሊፎርኒያ ወጣቶች አሮጌ የፎርድ ሞዴል ቲ እና ሞዴል ኤ በርካሽ እየገዙ፣ ፓራፋንጎውንና ጣሪያውን አውልቀው፣ ሞተሩን አሻሽለው ሙሮክ በሚባል የደረቀ ሐይቅ ሜዳ ላይ ይፎካከሩ ነበር። ፎርድ በ1932 ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ተራ ሰው በሚችለው ዋጋ ሲያወጣ ነገሩ ጦፈ፤ ሆት ሮድ የሚባለው መኪና የተወለደው በእነዚህ እጆች ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፉክክሩ ከሐይቁ ሜዳ ወደ ከተማ ጎዳና ገባ፤ ሰው ሞተ፤ ፖሊስና ጋዜጣ ተነሣባቸው። በ1950 ሳንታ አና ላይ አንድ የአውሮፕላን ማረፊያ ለድራግ ውድድር ተከፈተ። በዓመቱ «ሆት ሮድ» የተባለው መጽሔት አዘጋጅ ዋሊ ፓርክስ ብሔራዊ ማኅበር አቋቋመ። ሐሳቡ ልጆቹን ከጎዳና አንሥቶ 402 ሜትር በሆነ ቀጥ ያለ ሜዳ ላይ ማስሮጥ፣ ከመሮጣቸው በፊትም መኪናቸውን መፈተሽ ነበር።

ይህን የሚያውቁ ሰዎች «ለእኛም ልጆች ሜዳ ይሰጣቸው» ይላሉ። እኔም ሐሳቡን አልጠላውም። አገራችን ለዚህ እንግዳ አይደለችም፤ በንጉሡ ዘመን የኢትዮጵያ ሃይላንድ ራሊ የሚባል ውድድር ነበረን፤ ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቮልስ ገዝተው፣ ቀለም ቀይረው፣ ዝቅ አድርገው፣ ሞተሩን አድሰው የሚዝናኑ አሉ። ያ ጨዋታ ነው፣ ጥሩ ጨዋታ። የወልድያው ባጃጅ ነጂ ግን አይጫወትም። ባጃጁ የሌላ ሰው ነው። ማታ ለባለቤቱ የሚያስረክበው፣ ገቢ የሚባል የተቆረጠ ብር አለ፤ ቤንዚኑም ከእሱ ኪስ ነው፤ ከዚያ የተረፈው እንጀራው ነው። ታሪፉ ተወስኗል፣ ወንበሩም ተወስኗል። በእጁ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምልልሱ። መንገድ ዳር እጇን ላነሳች እናት ቀድሞ የደረሰ ይጭናታል፣ ሁለተኛው ባዶውን ያልፋል። እሁድ እሁድ ሜዳ ብንከፍትለት ሰኞ ጠዋት የሚያሯሯጠው ገቢ እዚያው ይጠብቀዋል።

«የራስህ ነው ወይስ በገቢ?» የሚለው ጥያቄዬ ከዚህ የመጣ ነው። ባጃጁ የራሱ የሆነ ልጅ ፍጥነት ሲፈልግ ለደስታው ነውና ቁጭ ብለን እንከራከራለን፤ ላሳምነውም እችላለሁ። በገቢ የያዘው ግን የሚፈልገውና የሚጠቅመው ለየቅል ናቸው። የሚፈልገው የመጨረሻውን ፍጥነት ነው፤ ከተማ ውስጥ ግን የመጨረሻው ፍጥነት ላይ የሚደርስበት መንገድ የለውም። ብር የሚያመጣለት ከቆመበት መነሳቱ፣ ዳገት ላይ ሦስት ሰው ይዞ አለመንገዳገዱ፣ ደግሞም በፈለገው ቦታ መቆሙ ነው። የገቢ ባጃጅ ስይዝ ለመነሻና ለማቆሚያ ነው የምሠራው፤ ደንበኛው ባያምንበትም።

የመነሻ ጉልበት እዚህ እንዲሁ አይገኝም። ወልድያ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ ሞተር የሚስበው አየር በባሕር ወለል ላይ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የባጃጅ ሞተር አንድ ሲሊንደር ያለው፣ 200 ሲሲ የማይሞላ ነው። ፋብሪካው 10 የፈረስ ጉልበት ያህል ሰጥቶ ቢልከው እኛ ዘንድ የሚደርሰው 8 ገደማ ነው። በድልብ በኩል አድርጎ ወደ ጋሸና የወጣ ሹፌር ነገሩን ያለ ቁጥር ያውቀዋል፤ እዚያ ዳገት ላይ የጭነት መኪና ሁሉ ጥቁር ጭሱን እየለቀቀ ያቃስታል። አሜሪካኖቹም ከዚህ አላመለጡም፤ ዴንቨር አጠገብ፣ ከጎረቤታችን ከመርሳ ከተማ ብዙም በማይርቅ ከፍታ ላይ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2023 ድረስ ባንዲሜር የሚባል የታወቀ የድራግ ሜዳ ነበራቸው። እዚያ የተመዘገበ ሰዓት ከቆላ ሜዳዎች ሰዓት ጋር ሲነጻጸር በከፍታው ልክ እንዲታረም የፓርክስ ማኅበር ደንብ አውጥቶለት ነበር። ለእኛ ገቢ ግን የከፍታ ማስተካከያ የሚያወጣ የለም።

አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ ያንኑ ያህል ቤንዚን መስጠቱን ይቀጥላል። ቤንዚን ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ባጃጁ ያስላል። ልጁ ይህን ሲያይ «ቤንዚን አነሰው» ብሎ ቤንዚን የምታሳልፈዋን የነሐስ ቀዳዳ በመርፌ ያሰፋታል፤ ሕመሙን ያባብስበታል። ትክክለኛው ሥራ ተቃራኒው ነው፤ አነስ ያለ ቀዳዳ አስገብቶ፣ የአየሩን ብሎን አስተካክሎ፣ ጥቂት አስነድቶ፣ ካንዴላውን ፈትቶ ማየት። ጫፉ የሸክላ ቀለም ከያዘ ተገኘ ማለት ነው። ይህ ሥራ ድምፅ የለውም፤ ለጎረቤት ነጂ የሚነገር ነገርም የለበትም። ጥሩ የተስተካከለ ካርቡራተር ከየትኛውም ማርሚታ በላይ ከመናኸሪያ ያስወጣል፤ ግን «ካርቡራተሬን አስተካከልኩ» ብሎ የሚኮራ ወጣት ገና አላገኘሁም።

ሌላም ችግር አለ። ባጃጅ ለከተማ ይፈቀድ እንጂ ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለፍራፍሬ ጭነት ወደ ሲሪንቃና ወደ መርሳ የሚወርድ አይጠፋም። መርሳ ከወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ፣ ዝቅ ብላ፣ ሞቅ ብላ ያለች ከተማ ናት፤ ማንጎና ፓፓያዋን አስፋልት ዳር ደርድራ የምትጠብቅ። ለወልድያ አየር የተቆነጠጠ ካርቡራተር እዚያ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ካንዴላው ይነጣል፣ ሞተሩ ይግላል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ሙሉ ጭኖ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሙሉ ነዳጅ ሰጥቶ ለሚነዳ ሰው ግን ፒስተን ለማስያዝ ይበቃል። ቴስታታ ማስላግ ላይ የምጨነቀውም ለዚህ ነው። ደጋ ላይ አየሩ ስለሳሳ ሞተሩ ትንሽ ከፍ ያለ እምቃት ይችላል፤ ቶርኖ ቤት ወስደህ በጥቂቱ ብታስልገው ወልድያ ላይ እውነተኛ ጉልበት ይጨምራል። መርሳ ወርደህ፣ በዚያም ላይ በሃይላንድ ጠርሙስ የተሸጠ ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን ብትሞላው ግን መንኳኳት ይጀምራል፣ ጋርኒሲዮኑም ይበላል። ለልጆቹ የምለው አጭር ነው፤ ቤንዚንህን የት እንደምትቀዳ ሳታውቅ ቴስታታ አታስልግ።

ሌላው ሁሉ ፈጥኖ የሚያልቅ ነው። የማርሚታውን ሆድ መቅደድ ድምፅ ይሰጣል፣ ጉልበት ግን ያን ያህል አይሰጥም፤ ለቦሎ ምርመራ ሲደርስም የድሮው ተፈልጎ ይገጠማል፣ ምርመራው ሲያልፍ ይፈታል። ሲሊንደሩን አስፍቶ ትልቅ ፒስተን ማስገባት ያረጀውን ጉልበት ይመልሳል እንጂ በስፋቱ የሚጨምረው ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። ተለቅ ያለ ጎማ የመጨረሻውን ፍጥነት ከፍ ያደርጋል፤ መነሻውን ይገድላል፣ ባጃጁንም ከመሬት ያርቀዋል። ከፊት አንድ እግር ብቻ ላለው ተሽከርካሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መታጠፊያ ላይ ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊትና ወደ ውጭ ይሄዳል፤ እዚያ ጥግ ላይ ደግሞ የሚደግፈው ጎማ የለም።

ፍሬን ላይ አልደራደርም። ከ40 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የወጣ ባጃጅ ይዞት የሚሮጠው ጉልበት በግማሽ አያድግም፤ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ያን ሁሉ በሙቀት መልክ ማብረድ ያለባቸው ሦስት ትንንሽ ከበሮዎች ናቸው። ስለዚህ ማንም «ክፈትልኝ» ሲለኝ መጀመሪያ ጎማዎቹን አወርዳለሁ፤ የፍሬን ሸራው ካለቀ፣ ዘይቱ ከቆሸሸ፣ ጎማው ከላመ ሞተሩን አልነካም። ተናድደው ወደ ሌላ ጋራዥ የሄዱ አሉ። ይሂዱ። ባለቤቶችም ይደውላሉ፤ «አንተ ሞተር እንድትሠራ ነው የላክሁት፣ ሸራ ማን ግዛ አለህ?» ይላሉ። ገቢውን የወሰነው ባለቤቱ ስለሆነ ፍጥነቱንም የወሰነው እሱ ነው ባይ ነኝ፤ ሸራውን ቢከፍል አይበዛበትም።

ሞተር አስከፍቶ ለገቢ መሮጥ የባጃጅ ብቻ አይደለም። የገዛ አገራችን ሆት ሮድ ሠሪዎች ማን ናቸው ብትሉኝ ቅጥቅጥ የሚሠሩትን እጠራለሁ። የአይሱዙ የጭነት ሻሲ ተቀብለው፣ ላሜራ ቀጥቅጠው፣ ፌሮ በይደው፣ ወንበር ደርድረው የሕዝብ አውቶቡስ የሚያወጡ እጆች ከካሊፎርኒያዎቹ አያንሱም። ጭነት ላይ የቀረው አይሱዙ ደግሞ በፍጥነቱና ባደረሰው ጉዳት «አልቃይዳ» የሚል ስም ከሕዝብ ተሰጠው። እነዚያ ሹፌሮች ክፉ ሆነው አይደለም፤ ጭነቱ በሰዓት ገበያ ካልደረሰ ዋጋው ስለሚወድቅ ነው። «ፖምፓውን ክፈትልኝ» የሚለው የናፍጣ ሹፌርና «ማርሚታውን ቅደድልኝ» የሚለው የባጃጅ ልጅ የሚገፋቸው አንድ ነገር ነው።

አሜሪካኖቹ ዛሬም ድረስ የሚጨቃጨቁበት ነገር አለ፤ የመንገድ መኪና የሚባለው የትኛው ነው? ታርጋና መብራት ስላለው ብቻ ነው ወይ? ተጎታች ላይ ተጭኖ ሜዳ ደርሶ፣ 402 ሜትር ሮጦ፣ ተጭኖ የሚመለስ መኪና የመንገድ ነኝ ቢል ማን ያምነዋል? ለዚህ ክርክር የተሰጠው ጥሩ መልስ እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው፣ ድራግ ዊክ የሚባለው ውድድር ይመስለኛል። ተወዳዳሪው ለአምስት ቀን በየሜዳው ይሮጣል፤ ከሜዳ ወደ ሜዳ ያለውን መንገድ፣ በድምሩ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በዚያው መኪና፣ ተጎታች ላይ ሳይጭነውና ያለ አጃቢ መኪና መንዳት አለበት። ሜዳ ላይ ንጉሥ የነበረ መኪና ራዲያቶሩ ፈልቶ መንገድ ዳር ሊቆም ይችላል።

የእኔም መፈተኛ ከዚህ አይርቅም። የከፈትኩት ሞተር ከመናኸሪያ እስከ ስታዲየሙ ድረስ ስንቱን እንደቀደመ አይነግረኝም። ወደ መርሳ ወርዶ፣ ቀትር ላይ ቆሞ፣ ጭኖ ዳገቱን ተመልሶ፣ ፍሬኑ ሳይሸት፣ በማግስቱ ጠዋት በአንድ ምት ከተነሳ ተሠርቷል። ትራፊኮቹ ሁሉም ይከልከል ይላሉ፤ አባቶች «ልጅ ነው፣ ያልፍለታል» ይላሉ። ለሁለቱም አልቆምም። ክልከላው ማርሚታውን ያስፈታል እንጂ ገቢውን አይቀንስም፤ ልጅነቱ ደግሞ ያልፋል፣ በገቢ መያዙ ግን አያልፍም። የሚሻለው ባለቤቶች ቁርጥ ብር መጠየቅ ትተው ከተሠራው ላይ በድርሻ ቢካፈሉ፣ በመናኸሪያውም ተራ ቢከበር ነበር። ተራ ያለበት ቦታ ላይ ማንም አይሽቀዳደምም፤ ይህን ለማየት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

አሁን ደግሞ ወሬው ኤሌክትሪክ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ የቤንዚን ወረፋውም ተጨምሮበት፣ በባትሪ የሚሄድ ባለ ሦስት እግር የሚያጠያይቅ በዝቷል። ለመካኒክ ይህ ሌላ ዓለም ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም፤ ወልድያም ሆነ መርሳ፣ ጋሸናም ብትወስደው ከፍታው ጉልበቱን አይቀንስበትም። ጉልበቱንም ገና ከቆመበት ይሰጣል፤ ማለትም ስንት ካርቡራተር ፈትቼ ስፈልገው የኖርኩት መነሻ እዚያው ተሠርቶ ይመጣል። ባትሪው ግን ይከብዳል፤ ከባዱ በፍጥነት ሲነሳ ማቆሚያው እንደ ድሮው ትንሽ ከበሮ ከሆነ ምን እንደሚመጣ አሁኑኑ ይታየኛል። አንድ ነጂ በቀደም መጥቶ «ጋሼ፣ ይኸኛውስ ኮንትሮለሩ ይከፈታል?» አለኝ። ይከፈታል አልኩት፤ ስትገዙ መጀመሪያ ሦስቱንም ጎማ አውርደን እናያለን፣ ባለቤቱም አብሮህ ይምጣ።