የፎቶግራፍ መዝገብ በኤክሴል ሠንጠረዥ፤ ጥቅሙና ጉድለቱ

የብራና መጻሕፍትን በፎቶግራፍ አንሥቶ ማኖር ዛሬ የተለመደ የምርምር ሥራ ኾኗል። ነገር ግን ፎቶግራፍ ብቻውን ማስረጃ አይኾንም፤ የት፣ መቼና ከየትኛው መጽሐፍ እንደ ተነሣ የሚናገር መግለጫ ያስፈልገዋል። ይህ መግለጫ በብዙ ቦታ የሚያዘው በኤክሴል ሠንጠረዥ ነው። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ሥር የሚሠራውና በኢትዮጵያም የብራና መጻሕፍትን ማስነሣት የረዳው ለአደጋ የተጋለጡ መዛግብት ፕሮግራም ከፎቶግራፎቹ ጋራ እንዲህ ያለ ዝርዝር ይጠይቃል።

የሠንጠረዡ ጥቅም አይካድም። የመረጃ ቋት ባለሙያ ይጠይቃል፤ ሠንጠረዥን ግን የገዳሙ ዕቃ ቤት ጠባቂ ጥቂት ተምሮ ሊሞላው ይችላል።

ጉድለቱ ከዘመን አቈጣጠር ይዠምራል። የካቲት 12 ቀን 2006 ዓ.ም. ለማለት 12/6/2006 ተብሎ ቢጻፍ፣ ኤክሴል እንደ አቀማመጡ የፈረንጆች ጁን 12 ወይም ዲሴምበር 6 ቀን 2006 አድርጎ ይቀበለዋል፤ እውነተኛው ቀን ግን ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2014 ነው። ጥቅምት 30ን በ30/2/2006 ቢጽፉለት ቀን መኾኑን አያውቅም፤ ጳጉሜንንም የሚያኖርበት ዐሥራ ሦስተኛ ወር የለውም። ይህ የኢትዮጵያውያን ችግር ብቻ አይደለም፤ ኤክሴል የዘረ መል ስሞችን ወደ ቀን እየለወጠ ስላስቸገረ የስያሜው ኮሚቴ በ2020 እ.ኤ.አ. አንዳንዶቹን ስሞች እስከ መለወጥ ደርሷል።

በፊደልም በኩል እንዲሁ ነው። «ሥላሴ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ስላሴ» ተብሎ የተመዘገበውን አያገኝም። 007 የተባለው የመጽሐፍ ቍጥርም 7 ኾኖ ይቀራል።

ከኹሉ የሚከፋው ግን አንዱን ዐምድ ብቻ ነጥሎ በተራ ማስያዝ ነው። ያን ጊዜ የአንዱ ገዳም መጽሐፍ በሌላው ገዳም ስም ይጠራል፤ ሠንጠረዡም የተስተካከለ መስሎ ይታያል። የብራናው መጽሐፍ ኋላ ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ ባለቤቱ ገዳም የሚከራከርበት ማስረጃ ይኸው መዝገብ ነበረ።

ስለዚህ ሠንጠረዡን መጣል ሳይኾን ሕግ ማበጀት ይገባል። ቀን፣ ወርና ዓመት በየዐምዳቸው ይጻፉ፤ አቈጣጠሩም የማን እንደ ኾነ ይገለጽ። የመለያ ቍጥር እንደ ቃል ይያዝ። መጽሐፉ ላይ የተገኘው አጻጻፍ በአንድ ዐምድ፣ ለፍለጋ የተስተካከለው በሌላ ዐምድ ይቀመጥ። የመዠመሪያው ዝርዝርም ማንም ሳይነካው ከፎቶግራፎቹ ጋራ ይኑር። ይህ ካልተደረገ የሚተርፈው ማንነቱ የማይታወቅ የሥዕል ክምር ብቻ ነው።