ሰዓት የማያምን የቀን መቁጠሪያ

ከስልክ ወደ ሰርቨር የሚጓዝ አንድ ቀጠሮ ሲገለጥ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ርእሱ፣ ቦታው፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ሰዓት እያንዳንዳቸው በየመስመራቸው ተጽፈዋል። አጻጻፉ አይካላንደር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1998 ወጣ፤ በ2009 ተሻሽሎ አር ኤፍ ሲ 5545 የተባለ የደረጃ ሰነድ ሆነ። ፋይሉን የሚያመላልሰው ሥርዓት ደግሞ በ2007 የወጣው ካልዳቭ ነው።

መስመሮቹ ልክ አላቸው። አንዱ ከ75 ባይት እንዳይበልጥ ይመከራል። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ይወስዳል፤ የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 የፊደላት ኮድ ሦስት። ስለዚህ 75 የእንግሊዝኛ ፊደላት የሚይዝ መስመር የእኛን 25 ብቻ ይይዛል። ጽሑፉ ሲረዝም መስመሩ ይታጠፋል፤ ቀጣዩም በአንድ ባዶ ቦታ ይጀምራል። እጥፋቱ በአንድ ፊደል ሦስት ባይቶች መካከል ሊያርፍ ይችላል። በጥንቃቄ የተሠራ ፕሮግራም መጀመሪያ ባይቶቹን መልሶ ያገናኛል፤ ፊደሉን የሚያነበው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ፊደሉ ይሰበራል።

ፋይሉ ራሱን የቻለ ነው። በየሰኞው የሚደረግ ስብሰባ መቶ ጊዜ አይጻፍም፤ የድግግሞሽ ደንቡ በአንድ መስመር ይቀመጣል። አንዱ ሰኞ ወደ ማክሰኞ ከተዛወረ፣ ለውጡ የቀድሞውን ቀን ጠቅሶ እዚያው ፋይል ውስጥ ይገባል። የሰዓት ክልሉ ደንብም አብሮ ሊጓዝ ይችላል። ስለዚህ ስልኩ የመጪዎቹን ዓመታት ቀናት ያለ ኔትወርክ ያሰላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አር ኤፍ ሲ 7529 ድግግሞሹን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጻፍም ፈቅዷል፤ ጳጉሜን የሚያህል አጭር ወር በደንቡ ውስጥ 13ኛ ተብሎ ይጻፋል።

አዲስ ቀጠሮ ኔትወርክ በሌለበት ሲመዘገብ መለያውን የሚያወጣው ስልኩ ራሱ ነው። መለያው ብዙውን ጊዜ 128 ቢት ነው፤ ሁለት ስልኮች ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት ያወጣሉ ተብሎ አይሠጋም። ኔትወርክ ሲመለስ ስልኩ ፋይሉን «በዚህ ስም ሌላ ከሌለ ብቻ አስቀምጥ» ከሚል ቅድመ ሁኔታ ጋር ይልካል። ሰርቨሩ ተቀብሎ ሳለ መልሱ መንገድ ላይ ቢቀር ስልኩ ደግሞ ይልካል። ሰርቨሩ 412 ብሎ ይመልሳል፤ ቅድመ ሁኔታው አልተሟላም ማለት ነው። ቀጠሮው ሁለት አይሆንም።

ነባር ቀጠሮ ሲሻሻል ጥንቃቄው ይጠብቃል። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ፋይል ኢታግ የሚባል ምልክት ይሰጣል። ፋይሉ በተለወጠ ቁጥር ምልክቱ ይለወጣል። ስልኩ ማሻሻያውን ሲልክ በመጨረሻ ያየውን ኢታግ ይጠቅሳል። ከተገጣጠመ ይጻፋል። ካልተገጣጠመ በመሃል ሌላ እጅ ገብቷል፤ መልሱ አሁንም 412 ነው። ስልኩ አዲሱን አንብቦ መወሰን አለበት። ሰርቨሩ የአንዱን ሥራ በሌላው በዝምታ አይሽርም።

እ.ኤ.አ. በ2012 አር ኤፍ ሲ 6578 ሲንክ ቶክንን ጨመረ። ቶክኑ እንደ መጽሐፍ ዕልባት ነው፤ ስልኩ የቆመበትን ያሳያል፣ ሰርቨሩም ከዚያ ወዲህ የተለወጡትን ብቻ ይዘረዝራል። የተሰረዙት በ404፣ ማለትም «አልተገኘም» በሚል መልስ፣ ተለይተው ይመጣሉ፤ ይህ ባይኖር ስልኩ የተሰረዘውን ለማወቅ ሙሉውን ዝርዝር ማመሳከር ነበረበት። በመጨረሻ አዲስ ቶክን ይሰጣል። አሮጌውን ሰርቨሩ ካልተቀበለው ስልኩ ዝርዝሩን ከመጀመሪያው ይጠይቃል። ያን ጊዜም ኢታጎቹን አስተያይቶ የተለወጠውን ብቻ ማውረድ ይችላል።

በዚህ ሁሉ ሂደት የስልኩ ሰዓት ዳኛ ሆኖ አይቀርብም። የስልክ ሰዓት ይዛባል፤ ባለቤቱም በእጁ ሊለውጠው ይችላል። ስልኩ የኢታግንም ሆነ የቶክንን ውስጥ አይመረምርም። ኢታግ ከኢታግ እኩል መሆኑን ያያል፤ ቶክኑን እንደተቀበለው ይመልሳል። ቀንና ሰዓት የሚይዝ መሣሪያ ራሱን ከሰዓት ስሕተት እንዲህ መጠበቁ የሥራው ትልቁ ብልሃት ነው።

ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር መተግበሪያ የምትሠሩ ሁሉ፣ እነዚህ ሰነዶች በነፃ ይነበባሉ። ከአር ኤፍ ሲ 6578 ጀምሩ፤ አሠራሩ ለክሊኒክ መዝገብም ለመጋዘን ቆጠራም ይሆናል።