እያወሩ መሮጥ

ሩጫ ልጀምር ብሎ የሚመጣ ጎልማሳ ሁሉ አንድ ጠባይ አለው፤ መሮጥ ማለት መፍጠን ይመስለዋል። መምህሩም፣ የባንክ ሠራተኛውም፣ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ እየዋለ ቦርጭ ያወጣው ነጋዴም የመጀመሪያውን መቶ ሜትር ይፈተለካል፤ ሁለተኛው ላይ አፉን ይከፍታል፤ ሦስተኛው ላይ ጎኑን ይዞ ይቆማል። ከዚያ "እኔ ለሩጫ አልተፈጠርኩም" ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። አምቦና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ጎልማሶችን ሳሠለጥን ያየሁት ይህንን ነው። ሰው ከሩጫ የሚሸሸው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ በመጀመሪያው ቀን ከአቅሙ በላይ ስለሮጠ ነው። ስለዚህ በሙያዬ ከሁሉ አብልጬ የምደክመው ሰውን ለማዘግየት ነው።

ለጀማሪ ሰዓት ይዤ አላሠራም። ጎን ለጎን ሶምሶማ እየሮጥን ወሬ እንይዛለን። ዘወትር የምጠይቃት ጥያቄ አንዲት ናት፦ "ማታ ምን ተበላ?" ሠልጣኙ "ሽሮ" ብሎ ትንፋሹ ካቋረጠው ፈጥኗል ማለት ነው፤ ወደ እርምጃ እንመለሳለን። "ሽሮ ነበር፤ ከዚያ ልጆቹ ያስተረፉትን ፓስታ ጨረስኩ፤ በላዩ ሻይ ጠጥቼ ተኛሁ" ብሎ ሳይቆራርጥ ከተናገረ ፍጥነቱ ልኩ ነው። በዚህች ጥያቄ የትንፋሹንም ልክ፣ የማዕዱንም ነገር አገኛለሁ። የበላኸውን ጽፈህ አምጣ ቢባል የማይጽፍ ሰው፣ እየሮጠ ሲጠየቅ ስኳሩን በማንኪያ ቆጥሮ ይናገራል። ምክንያቱን በትክክል ባላውቅም፣ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሰዎች ፊት ለፊት እንደተቀመጡት አይተፋፈሩም።

አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። እዚሁ ተወልዶ ላደገ ሰው በአዘቦት ኑሮው አይታወቀውም፤ ሲሮጥ ግን ትንሽ ጥድፊያ እንኳ ወዲያው ትንፋሽ ያሳጥራል። እየተወራ በሚሮጥበት ፍጥነት ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ደም በሳምንታት ውስጥ እየጨመረ ይሄዳል፤ በጡንቻ ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበዛሉ፤ ሰውነትም ስብን ለጉልበት ማዋል ይለምዳል። ጅማትና አጥንት ግን እንደ ልብ ቶሎ አይጠነክሩም፤ ወራት ይፈልጋሉ። አደገኛው ጊዜ ታዲያ የመጀመሪያው ሳምንት ሳይሆን ሠልጣኙ "አሁንማ ቻልኩ" ብሎ የሚፎክርበት ሁለተኛው ወር ነው። ትንፋሹ ተስተካክሎለት እግሩ ገና አልደረሰም። ተረከዙን፣ ባቱን፣ የጉልበቱን ዙሪያ የሚያመው ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ አጀማመሩ ቀላል ነው። አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፤ ይህንኑ እየደጋገሙ ግማሽ ሰዓት መሙላት። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመካከሉ እያረፉ። በየሳምንቱ ሶምሶማው ትንሽ ይረዝማል፣ እርምጃው ትንሽ ያጥራል። ሦስተኛው ወር ላይ ብዙው ሰው ሳያቋርጥ ግማሽ ሰዓት ይሮጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ወይም 75 ደቂቃ ጠንከር ያለ ነው፤ እዚያ ለመድረስ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

ጀማሪው እንዲህ የሚጣደፈው ጀግኖቹን በቴሌቪዥን ያየው በውድድር ቀን ብቻ ስለሆነ ይመስለኛል። አምቦና ዙሪያዋ የሯጭ አገር ነው። በባርሴሎና ኦሎምፒክ እ.ኤ.አ. በ1992 በ5,000 ሜትር ነሐስ ያመጣው ፊጣ ባይሳ የአምቦ ልጅ ነው። ፈይሳ ሌሊሳ የጀልዱ ልጅ ነው። ፈይሳ እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ማራቶን በ2:09:54 ብር ሲያገኝ፣ ዓለም ያስታወሰው መጨረሻው ላይ እጆቹን አጣምሮ ያነሳበትን የተቃውሞ ምልክት ነው፤ ያንንም ማስታወስ ተገቢ ነው። እኔ ለሠልጣኞቼ የማነሳው ግን ከዚያ በፊት ያለውን ሩጫ ነው። አሸናፊው ኬንያዊ ኪፕቾጌ ሲያመልጥ ፈይሳ ተከትሎት አልተቃጠለም፤ የራሱን ልክ ይዞ ሮጦ ሁለተኝነቱን አስከበረ። በኪሎ ሜትር ሦስት ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ ያህል ሲሮጥ ውሏል ማለት ነው፤ ይህ የውድድር ቀን ፍጥነት ነው። እንዲህ ያሉ አትሌቶች በቀላል ልምምዳቸው ቀን በእንጦጦ ጫካ ውስጥ በዛፎች መካከል እየተጠማዘዙ፣ አንዱ የሌላውን ተረከዝ እየተከተለ፣ አንዱን ኪሎ ሜትር በአምስት ደቂቃና ከዚያም በላይ ሲሮጡ ያየ ሰው ይገረማል። የዓለም ምርጦች ለመዝገም ሳያፍሩ የእኛ ሰው ጎረቤት አየኝ ብሎ ይፈጥናል።

ስለ ጎረቤት ካነሳሁ፣ ለሴቶች ነገሩ ይከብዳል። አንዲት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ጧት 12 ሰዓት ላይ ከእኔ ጋር ትሮጥ ነበር። በቱታዋ ላይ ነጠላ ታደገድጋለች። እህል የጫኑ ጋሪዎች ሲያልፉ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል፣ ጣቶቿ ይጨበጣሉ፣ እርምጃዋም ያጥራል። አንድ ጧት ወደ ገበያ የሚሄዱ እናት አይተዋት ቆም አሉና "ምነው አዴ፣ ማን ሞተ?" አሏት። በእኛ አገር ትልቅ ሴት በማለዳ የምትሮጠው መርዶ ሲመጣ ነው። እሷ መልስ አጥታ ቆመች። እኔም "ለደም ግፊቷ ሐኪም አዞላት ነው፣ እማማ" አልኩ፤ እውነቱም ይኸው ነበር። እናትየው እጃቸውን ዘርግተው መርቀዋት ሄዱ። ከዚያ ቀን በኋላ ትከሻዋ ወርዶ ትሮጥ ጀመር። ሰው የሚሮጥበትን ምክንያት ጎረቤቱ ካወቀለት ግማሹ ድካም ይቀልለታል።

ስለ ምግብ ብዙ ያስተማረችኝም እሷ ናት። የወጡን ዘይት እንዴት እንደምትጨምር ስጠይቃት "ከጀሪካኑ አንቆረቁረዋለሁ እንጂ ለክቼ አላውቅም" አለች። አንድ ሊትሩ ቤት ውስጥ ስንት ቀን እንደሚቆይ አስቆጠርኳት። ለአምስት ሰው አራት ቀን። እየሮጥን አሰላነው፤ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሚሊ ሊትር፣ ከ400 ካሎሪ በላይ፣ ከዘይት ብቻ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አምስት ኪሎ ሜትር ሮጦ የሚያቃጥለው 350 ካሎሪ ገደማ ነው። "እንግዲያ የምሮጠው ለጀሪካኑ ነዋ!" አለች። ሽንኩርቱን መጀመሪያ በደረቁ፣ ጠብታ ውኃ እያደረገች ማብሰል ያዘች፤ ዘይቱን ቁሌቱ ከበሰለ በኋላ በማንኪያ ትጨምራለች። ያው ሊትር ሰባት ቀን መቆየት ጀመረ። ባሏም ልጆቿም ወጡ እንደተለወጠ አላወቁም።

ክብደት ልቀንስ ብሎ የሚሮጥ ሰው ይህችን ሒሳብ ቀድሞ ቢያውቃት መልካም ነው። ሩጫ ልብን ያጠነክራል፣ እንቅልፍ ይሰጣል፣ የደም ግፊትንና የደም ስኳርን ያረጋጋል፤ ቦርጭ ግን በአብዛኛው ኩሽና ውስጥ ነው የሚቀንሰው። ደግሞ ኩሽናውን ለማስተካከል የባዕድ ምግብ መግዛት አያስፈልግም። እንጀራ ተው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልልም። ጤፍ ጥሩ እህል ነው፤ ቡኮው ሲቦካም በውስጡ ያለውን ብረት ሰውነት ይበልጥ ይጠቀምበታል። የሚያስፈልገው ከእንጀራው አንዱን እጥፋት መመለስና በቦታው ጎመን፣ ምስር፣ ድንች መጨመር ነው። ጀልዱ ገብስና ድንች የሚያበቅል ደጋ ነው። ከሆለታ የምርምር ማዕከል የወጡት ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ የተባሉት የድንች ዝርያዎች ገበያችን ውስጥ ናቸው። ቀቅሎ በሚጥሚጣ መብላት እያለ በዘይት ጠብሶ መብላት ምን ይጠቅማል? ከሩጫ በኋላ ደግሞ በሶን የሚተካ ነገር አላገኘሁም። የገብስ ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ፣ ትንሽ ማር ገብቶበት፤ በፋብሪካ ታሽጎ በውድ ከሚሸጠው የስፖርተኛ ምግብ አያንስም። ጩኮም ግሩም ስንቅ ነው፤ ቅቤው ብዙ ስለሆነ ግን ረጅም ለሚሮጥ እንጂ ለግማሽ ሰዓት ሶምሶማ አይደለም።

ጨው ሌላው ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ኢትዮጵያውያን በአማካይ በቀን ከ8 ግራም በላይ ጨው እንደሚበሉ፣ ከአዋቂዎችም 16 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። በርበሬው ላይ አለ፣ ሽሮው ላይ አለ፣ ወጡ ላይ ደግሞ እንደገና ይጨመራል። አንዱ ቦታ ላይ ብቻ ቢተው ምላስ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይለምደዋል። ለስላሳውን ግን መቀነስ ሳይሆን መተው ነው፤ በአንዲት ጠርሙስ ውስጥ ያለው ስኳር 30 ግራም ይደርሳል።

የአምቦ ሰው ሆኜ ስለ አምቦ ውኃ ሳልናገር አላልፍም። ከሰንቀሌ ምንጭ ከ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ጀምሮ በጠርሙስ የሚታሸገው ይህ ውኃ ከሥጋ በኋላ ሆድ ያቀልላል፣ ስኳርም የለበትም፤ ለስላሳ ለሚተው ሰው ጥሩ ምትክ ነው። በፍራፍሬ ጣዕም የሚመጣውን ሲገዙ ግን መለያውን ማንበብ ነው። በተፈጥሮው ሶዲየም ስላለበት፣ ግፊት ያለበት ሰው መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ። ሮጠው እንደጨረሱ ለጥም የሚሻለው ተራ ውኃ ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ደግሞ ፍል ውኃው መዋኛ ውስጥ ደረቱ ድረስ ገብቶ ቢራመድ፣ ጉልበቱ ሳይጎዳ ልቡ ትሠራለታለች።

ቡና ከምግብ ጋር ተያይዞ ሲጠጣ ከእህሉና ከጎመኑ የምናገኘውን ብረት ይይዛል፤ ሻይም እንዲሁ። ለሴቶች በተለይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቡናው ይቅር አልልም፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ይራቅ። ጾም ሩጫን አይከለክልም። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ወይም በረመዳን የሚጾም ሠልጣኝ ሊያፈጥር ሲል፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ፣ ቀስ ብሎ ይሩጥ፤ ወዲያው ውኃና ምግብ ይከተላል። የጾም ወጥ ግን ጾም ስለሆነ ብቻ ቀላል ነው ማለት አይደለም፤ ዘይት የሚበዛው በጾም ወቅት ነው።

መሬቱም ያስተምራል። ጊንጪ ላይ ክረምት ሲገባ ዋልካው ጫማ ላይ ይለጠፍና እግርን ያከብዳል፤ በበጋ ደግሞ ይሰነጣጠቅና ቁርጭምጭሚት ያጥፋል፤ እዚያ ከአስፋልቱ ዳር ያለው ኮረኮንች ይመረጣል። ወደ ወንጪ የሚያወጣው ዳገት ለጀማሪ የእርምጃ ቦታ ነው፤ አፋፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ዳገቱ ትንፋሽ ይፈትናል፤ ጡንቻ የሚጎዳው ግን ቁልቁለቱ ነው፤ እርምጃ ማሳጠር ያስፈልጋል። ባኮ ስንወርድ ሙቀቱ ስለሚበረታ ከፀሐይ በፊት መጨረስ ነው። ሰልባጅ ጫማ የሚገዛ ሰው ከመልኩ ይልቅ ሶሉን በአውራ ጣቱ ይጫን፤ ደርቆ እንደ እንጨት ከሆነ ይተወው።

ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ጤና ጣቢያ ገብቶ ይለካ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ኪሱ ውስጥ ከረሜላ ይያዝ። ደረቱን ጨምድዶ የያዘው ሰው ይቁም፤ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ይህ በጽናት የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ለከተሞቻችን አስተዳዳሪዎችም አንድ ነገር አለኝ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው፣ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ የሚለቀቅበት "መንገድ ለሰው" የተባለው ዝግጅት ሕዝቡ መንገድ ካገኘ እንደሚወጣ አሳይቷል። በወር አንድ እሑድ ግን ልብ አያጠነክርም። ከአምቦ እስከ ጉደር ያለው 12 ኪሎ ሜትር ብቻ እንኳ በአስፋልቱ ዳር ከጭነት መኪና የተለየ የእግር መንገድ ቢኖረው፣ ተማሪው፣ ገበያተኛው፣ ሕመምተኛውም ሯጩም ይጠቀሙበታል። እባካችሁ ይህን መንገድ ሥሩልን።