ጉድጓዱን የማያይ ምስጋና፦ የጋሞ ባለሙያዎች የሚኮሩበት ምግብ እንዴት ይመዘን?

የኢትዮጵያን ምግብ ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ግብር ላይ ነው። ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው የአፍሪካ ምግብ ታሪክ መጽሐፉ፣ እቴጌ ጣይቱ ብጡል እ.ኤ.አ. በ1887 ለእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ምረቃ ያሰናዱትን ድግስ የብሔራዊው ማዕድ መነሻ አድርጎ ያነበዋል። ንባቡ ብዙ ያስረዳል፤ ድግስ የመንግሥት አቅም መግለጫ፣ ወጥ ቤትም የፖለቲካ ስፍራ መሆኑን ያሳያል። ከዚህ ዓይነቱ አጻጻፍ ግን አንድ ልማድ ወርሰናል። የባለሙያዋን ሙያ ማዕድ ላይ በቀረበው ነገር ብቻ እንለካለን፦ በወጡ ዓይነት ብዛት፣ በእንግዳው አድናቆት፣ ሲጻፍ ደግሞ በቅመሙ መጠንና በአበሳሰሉ ቅደም ተከተል።

ይህ ዳሰሳ ያንን መለኪያ በጋሞ ዞን ቤቶች ይፈትነዋል። የምከራከረው የሚከተለውን ነው፦ በጋሞ አንዲት እመቤት የምትኮራበት ሙያ ከሁሉ በፊት ጊዜን የማስተዳደር ሙያ ነው። የተክል ዓመታትን፣ የቡኮን (የሚብላላውን የእንሰት ሊጥ) ወራት፣ የቅቤ ቁጠባን እና የእሳት ደቂቃዎችን በየፈርጃቸው ታስተዳድራለች። ማዕዱን ብቻ የሚያይ ተመልካች ከዚህ ሁሉ የመጨረሻዋን ሰዓት ያደንቃል።

ዞኑ ለፈተናው የተመቸ ነው። የጫሞ ሐይቅ ዳርቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የጉጌ ተራራ ጫፍ ግን ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ የእንሰትና የገብስ ደጋ፣ የበቆሎና የሺፈራው ቆላ፣ የዓሣና የሙዝ ሐይቅ ዳር ተደራርበዋል። ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣ መኪና ጥቂት ሰዓት ሳይሞላው ሦስት የተለያዩ ወጥ ቤቶችን ያቋርጣል።

ቆጮ እና ያልታየው ሥራ

በጋሞ ደጋ ወዳለው ዶርዜ የሚወጣ ጎብኚ የሚያየው ትዕይንት የታወቀ ነው። ሴትዮዋ የእንሰቱን ግንድ በቀርከሃ ፍቃ ታሳየዋለች፤ ቀድሞ የተዘጋጀ ቡኮ አውጥታ በቢላ ትከትፋለች፤ በኮባ ጠፍጥፋ ምጣድ ላይ ትጋግራለች። ቂጣው በማርና በዳጣ ይቀርባል። ጎብኚው ፎቶ ያነሣል፣ ያመሰግናል፣ ይሄዳል።

ይህ ትዕይንት ውሸት የለበትም፤ ቅደም ተከተሉም ትክክል ነው። የጎደለው በመፋቁና በመጋገሩ መካከል ያለው ጊዜ ነው። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ቅዝቃዜው በበረታበት ደጋ ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። የተፋቀው ግንድና የተፈጨው ሥር ተጨምቆ የወረደው ውሃ ሲዘቅጥ ቡላ ይሆናል። የቀረው በኮባ በተለበጠ ጉድጓድ ገብቶ፣ ተሸፍኖና ድንጋይ ተጭኖበት፣ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ይብላላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ባለሙያዋ ጉድጓዱን ከፍታ ቡኮውን ታገላብጣለች፣ ኮባውን ትለውጣለች፣ በጠረኑና በእጇ ስሜት መድረሱን ትለያለች። ቸኩላ ብታወጣው ጥሬ ጥሬ ይላል፤ አየር ከገባበት ይበላሻል፤ የስንት ዓመት ተክል አብሮ ይጠፋል። ጎረቤት እርስ በርሱ ሙያን የሚመሰክረው በዚህ ነው። የእገሌ ቤት ቆጮ ነጭ ነው፣ ቃጫ አይበዛበትም፣ ሽታው አይከብድም ሲባል የሚመሰገነው የጉድጓዱ አያያዝ ነው።

የዘርፉ ጥናት ይህን አልዘነጋውም። ጁዲት ኦልምስቴድ እ.ኤ.አ. በ1974 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ባወጣችው ጽሑፍ፣ እንሰት በጋሞ ደጋ ከምግብነት አልፎ ለስንት ነገር እንደሚውል ዘርዝራለች። ዘላቂ ችግር የፈጠረው ንድፈ ሐሳቡ ነው። ክሎድ ሌቪ ስትሮስ በ1960ዎቹ ባቀረበው የምግብ ሦስት ማዕዘን የበሰለውን የባህል፣ የበሰበሰውን የተፈጥሮ ለውጥ አድርጎ መድቧል። ቆጮ በዚህ ማዕዘን ውስጥ ቦታ አያገኝም። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ለውጥ እንደ እሳቱ ሁሉ በሰው እጅ የሚመራ ነው፤ ከእሳቱም ይልቅ ረጅም ክትትል ይጠይቃል። የእንጀራ ሊጥን ጥቂት ቀን ማቡካት የለመደ አንባቢ ልዩነቱን በቀላሉ ይገምተዋል።

የዕለቱ ሙያ

ሙያ ሁሉ ረጅም ጊዜ ይጠይቃል ማለት ግን አይደለም። በቆላው የሚከበረው ሙያ ፈጣን ነው። በአማርኛ ሺፈራው፣ በጋሞኛ ሃለኮ የሚባለው ዛፍ በየግቢው ይቆማል፤ ዝናብ ሲጠፋም ቅጠሉን አይነፍግም። ቅጠሉ ከግንጣዩ ተሸልቅቆ ይቀቀላል። በቆሎ ወይም ማሽላ ዱቄት በውሃ ታሽቶ፣ በእጅ እየተድቦለቦለ ከቅጠሉ ጋር ሲበስል ኩርኩፋ ይሆናል። የዱቄቱ ዓይነት፣ የድቡልቡሉ መጠን፣ ጨውና ቅቤው ከቤት ቤት ይለያያል።

የኩርኩፋ ፈተና ዝርዝር አይፈልግም። ድቡልቡሉ ሳይፈርስ ውስጡ ድረስ መብሰል አለበት፤ ቅጠሉም መራራነቱ ሳይጎላ አረንጓዴነቱን መጠበቅ አለበት። በየቀኑ የሚሠራ ምግብ ስለሆነ ስህተቱ ወዲያው ይታወቃል፤ የዓመት በዓል ወጥ ቅቤና በርበሬ የሚሸፍንለት ጉድለት እዚህ መሸሸጊያ የለውም።

ይህ ምግብ ግን ለእንግዳ ሲቀርብ ሲታፈርበት ኖሯል። ሥጋና እንጀራ የክብር፣ ቅጠልና በቆሎ የችግር ተደርገው ተቆጥረዋል። ዛሬ የሺፈራው ዱቄትና ሻይ አዲስ አበባ ሱቆች ታሽጎ ይሸጣል፤ በዓለም ገበያም የሞሪንጋ ስም ገንኗል። የሚገርመው ክብሩ የመጣበት መንገድ ነው። ቅጠሉ የተከበረው በቪታሚንና በማዕድን ይዘቱ እንጂ በአበሳሰሉ አይደለም። ማሸጊያው ላይ የጤና ጥቅም ይዘረዘራል፤ ኩርኩፋ የሚባል ምግብ መኖሩ ግን አይነሣም። ዛፉ ስም ሲያገኝ ባለሙያዋ እንደገና ተዘለለች።

ጋን የያዘው መዝገብ

ስሟ ያልተጻፈ ባለሙያ ሥራዋን የት ትተዋለች? ከሁሉ የሚያስደንቀው መልስ ከአርኪዮሎጂ መጥቷል። ጆን አርተር በጋሞ መንደሮች በሸክላ ዕቃዎች ላይ ባደረገው ጥናት፣ የእህል ጠላ የሚጠነሰስባቸው ጋኖች ውስጣቸው በመብላላቱ አሲድ እየተቦረቦረ እንደሚሄድ አሳይቷል። ለጥንስስ ትርፍ እህል ስለሚያስፈልግ እንዲህ የተበሉ ዕቃዎች በብዛት የሚገኙት ባለጸጋ ቤት ነው። ስለዚህ አርኪዮሎጂስት ከስባሪው ውስጠኛ ገጽ የቤቱን ሀብት ሊገምት ይችላል።

አርተር መረጃውን ስለ ሀብትና ደረጃ ያነበዋል። እኔ ደግሞ የሙያ መረጃ አድርጌ ላነበው እወዳለሁ። ያ የተቦረቦረ የጋን ገጽ የተሳካ ጥንስስ በተደጋጋሚ የተወው አሻራ ነው፤ በዓመታት ውስጥ እህል ያበቀለች፣ ያሰጣች፣ የፈጨች፣ የጠነሰሰች ሴት ሥራ በሸክላው ላይ ተጽፏል።

ያው ሸክላ ሌላም ነገር ይናገራል። የጋሞ ማኅበረሰብ በልማድ ገበሬዎቹን ማላ፣ ሸክላ ሠሪዎቹን ማና፣ ቆዳ ፋቂዎቹንና አንጥረኞቹን ደጋላ ብሎ ይከፍል ነበር። ማናና ደጋላ መሬት እንዳይዙ፣ ከማላ ጋር እንዳይጋቡና አብረው እንዳይበሉ የሚከለክል ሥርዓት እንደነበር ተመራማሪዎች መዝግበዋል። እንግዲህ የማላ እመቤት የምትኮራበት ጠላና ወጥ የሚሠራው፣ ማዕዱ ላይ እንድትቀመጥ ያልተፈቀደላት ሴት ባበጀችው ዕቃ ነበር። የቤት ሙያን የሚያወድስ ጽሑፍ ይህን ካላነሣ ውዳሴው ጎዶሎ ነው። የአንዷ ኩራት በሌላዋ መገለል ላይ ቆሞ ነበርና።

ቅቤ፣ ማስቃላና የቁጠባ ዓመት

በጋሞ የዓመቱ ታላቅ ማዕድ የመስቀል በዓል የሆነው ዮ ማስቃላ ነው። ለሽመና ሥራ ሽሮ ሜዳና ሌሎች ከተሞች የተበተኑት ወደ ቀያቸው ይመለሳሉ። ወንዶች ለበሬ መግዣ በቡድን ሲቆጥቡ ይከርማሉ፤ ሴቶች በፊናቸው ቅቤ ያጠራቅማሉ። የበዓሉ ዕለት ሥጋውን በሬ የገዛ ሁሉ ያገኘዋል። የቤት ለቤት ልዩነቱ ቅቤው ላይ ነው፦ ብዛቱ፣ አነጣጠሩ፣ ሳይቆመጥጥ መክረሙ።

ቅቤ በዚህ አገር ከሆድ ያልፋል። ዳን ስፐርበር እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው የተምሳሌት ጥናት መጽሐፉ ውስጥ ከዶርዜ ያመጣቸው ታዋቂ ምሳሌዎች ምግብ ነክ ናቸው፤ አንዱ ነብር ክርስቲያን ስለሆነ ይጾማል የሚለው አባባል፣ ሌላው በሹማምንት ራስ ላይ የሚደረገው ቅቤ ነው። ዲና ፍሪማንም እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በጋሞ ደጋ ባለው ዶኮ ሃላቃ የተባለውን ሹመት የሚይዝ ሰው ማኅበረሰቡን መጋበዝ እንዳለበትና ከሽመና ንግድ የተገኘ ገንዘብ ይህን ሥርዓት እንዴት እንዳሰፋው ትተነትናለች። ሁለቱም ሥራዎች ድንቅ ናቸው። ትኩረታቸው ግን ቅቤው ምን ይገልጻል፣ ድግሱ ማንን ይሾማል የሚለው ላይ ነው። ለወጥ ቤት ተመልካች የሚቀድመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ያ ሁሉ ቅቤ ከየት መጣ? የላሟ ወተት ተንጦ፣ ከዕለት ፍጆታ እየተቀነሰ ነው የተጠራቀመው፤ የዚያችው ላም ፍግ ደግሞ የእንሰቱን ጓሮ ያለማል። ሹመቱ የአንድ ቀን ነው፤ ቅቤው የዓመት ሥራ ነው።

ከተማው ያመጣው ለውጥ

አርባ ምንጭ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጨንቻን ተክታ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ስትሆን፣ ለደገኛው እንግዳ የሆነ ማዕድ አብሮ አደገ። የጫሞ ናይል ፐርችና ቆሮሶ ዛሬ የከተማዋ መታወቂያ ናቸው። ኮተሌት፣ ጉላሽ፣ ለብለብና የዓሣ ዱለት ዝናቸውን ያገኙት በሆቴልና በምግብ ቤት ነው። የከተማዋ እመቤትም እንግዳ ስትቀበል በዓሣ ትኮራለች። እዚህ ላይ ውርሱ ተገለበጠ፤ ሙያው ከአደባባይ ወደ ቤት ገባ። ፍጥነትም ክብር ሆነ፤ ዓሣ ከሐይቅ እንደወጣ ካልተሠራ ዋጋ የለውምና። በጫሞ የናይል ፐርች መመናመን የሚያሳስበውም ለአሥጋሪው ብቻ አይደለም፤ ገና በአንድ ሁለት ትውልድ የተያዘ የቤት ሙያ አብሮ ይደኸያል።

ኩራት ወይስ ሸክም?

በዚህ ክርክር ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ጉድጓዱንና ጋኑን ማወደስ የሴቶችን ድካም ማስዋብ አይሆንም? እንሰት መፋቅ ወገብ ይሰብራል፤ ወንድ ስለማይነካውም ሸክሙ በሙሉ ሴቷ ላይ ወድቋል። ተቃውሞው እውነት አለበት። መልሱ ድካምንና ሙያን መለየት ነው። መፋቁ ድካም ነው፤ የቡኮውን መድረስ መለየት ሙያ ነው። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእንሰት መፋቂያና መጭመቂያ መሣሪያዎችን ሠርተዋል። መሣሪያው ድካሙን ቢወስድ ባለሙያዋ የምታጣው ኩራት የለም። ቆጮው ታሽጎ ለገበያ ሲወጣ ግን የብልሃቱ ባለቤት ማን ይባላል የሚለው ጥያቄ ይቀራል፤ የሺፈራው ታሪክ መልሱን በቸልታ መተው ምን እንደሚያስከትል አሳይቶናል።

ሙያ በልብ ነው ይባላል። ባለሙያዋ ዝም ብትል ያምርባት ይሆናል፤ ተመራማሪው ግን በዚህ አባባል ሊሸሸግ አይገባም። የጋሞን ምግብ የሚሰንድ ሰው ከቅመሙ መጠን በፊት የተክሉን ዕድሜ፣ የጉድጓዱን ቆይታና የአገላባጯን እጅ፣ የቅቤውን ምንጭ፣ የጋኑን ሠሪ መመዝገብ አለበት። እንዲህ ያለ መዝገብ የምግብ አሠራር መጽሐፍ አይመስል ይሆናል። ሌላ ቤት ያለች ሴት አንብባው ያንኑ ቆጮ መጋገር አትችልም፤ ማንን ማመስገን እንዳለባት ግን ታውቃለች።