ከአንድ ክፍል የሚወጡ ሁለት ታሪኮች

አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ኧርቪን ያሎም ከአንዲት ወጣት ጸሐፊ ጋር የገባው ውል ከብዙ የሙያ መጻሕፍት የበለጠ አስተምሮኛል። ወጣቷ ብዕሯ ነጥፎባት ነበር። ያሎም በክፍያ ፋንታ፣ ከእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ በኋላ የተሰማትን ሳትሸሽግ ጽፋ እንድትሰጠው ጠየቃት፤ እሱም የራሱን ይጽፋል። በየወራቱ ጽሑፋቸውን ተለዋውጠው ያነባሉ። «ጂኒ ኤልኪን» በሚል ስም ከተጠራችው ከዚህች ሴት ጋር እ.ኤ.አ. በ1974 በጋራ ያሳተሙት መጽሐፍ የተገኘው ከዚህ ውል ነው። ያሎም የኮራባቸውን ጥልቅ ትንታኔዎች እሷ ጆሮም አልሰጠቻቸው። ልቧ ውስጥ የቀሩት ሲያያት ፊቱ መፍካቱ፣ ስለ መልኳና ስለ አለባበሷ የተናገራት ደግ ቃል፣ ዘግይቶ ሲመጣ ይቅርታ መጠየቁ ነበሩ።

አንድ ክፍል፣ ሁለት ወንበር፣ ያው አንድ ሰዓት፤ ታሪኩ ግን ሁለት ነው። በዚህ ሙያ በቆየሁ ቁጥር ከሁለቱ ይበልጥ የማምነው የታካሚውን ሆኗል።

የሁለት ሰዎች ገጠመኝ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2018 ክሪስቶፍ ፍሉኪገርና ባልደረቦቹ 295 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው ከ30 ሺህ በላይ ታካሚዎችን የሚመለከት ውጤት አወጡ። የሕክምናው ዓይነት ምንም ይሁን ምን፣ በባለሙያውና በታካሚው መካከል ያለው የሥራ ግንኙነት ሲጠና ሕክምናውም የመስመር ዕድሉ ይጨምራል። ከውጤቱ ልዩነት ከግንኙነቱ ጋር የሚያያዘው 8 በመቶ ያህሉ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ በእኛ ሙያ ግን ይህን ያህል ደጋግሞ የታየ ነገር ብዙ የለም። ጆርጂያና ትራዮን ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣችው ደግሞ እኔን ይበልጥ ይነካኛል፤ ታካሚውና ባለሙያው ስለዚያው ግንኙነት የሚሰጡት ግምት የሚገናኘው በመጠኑ ብቻ ነው። በአማካይ ከፍ ያለ ነጥብ የሚሰጡትም ታካሚዎቹ ናቸው።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ስሰማ እንደ ኢትዮጵያዊ ወዲያው የሚመጣብኝ ይሉኝታ ነው። በካናዳ ዴቪድ ሬኒ የሚባል ተመራማሪ ክፍለ ጊዜው ሲቀረጽ ቆይቶ እንዳበቃ ቅጂውን ለታካሚዎች እያሰማ፣ «እዚህ ጋ በልብዎ ምን ነበር?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተመውን ስናነብ እናታችንን ወይም ጎረቤታችንን የምናውቅ ያህል እናውቃቸዋለን። ባለሙያውን ላለማስቀየም ቅሬታቸውን ይውጣሉ፤ የደከመበትን እያሰቡ ውለታ ይሰማቸዋል፤ ሳይስማሙ «አዎ» ይላሉ። ቶሮንቶ ውስጥ እንዲህ ከሆነ አዲስ አበባ ውስጥ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እኛ ዘንድ የሚመጣ ሰው በሽታውን ተናግሮ ስለ ሐኪሙ የሚሰማውን ይደብቃል፤ እሱም መድኃኒት ያሳጣል።

እ.ኤ.አ. በ1979 ኤድዋርድ ቦርዲን ይህን ግንኙነት ሦስት ነገር አድርጎ አየው፦ መተማመን፣ በግቡ መስማማት፣ ወደዚያ በሚያደርሰው ሥራ መስማማት። በሙያው ያሉ ወጣቶች መተማመኑን አጥብቀው ይይዛሉ፤ ፈገግታ፣ ርኅራኄ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ። እኔ ያየሁት ብዙው መለያየት ግን ከሦስተኛው ይጀምራል። እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ሰው ብዙ መካሪ አይቷል፦ የነፍስ አባቱን፣ ሼኹን፣ ሽማግሌውን፣ ታላቅ እህቱን። እነዚህ ሁሉ ሰምተው አንድ ነገር ይሰጣሉ። ይፈርዳሉ፣ ይመክራሉ፣ ይጸልያሉ፣ ይቆጣሉ። ከዚያ እኔ ክፍል ይገባል፤ እኔ ጠይቄ ዝም እላለሁ። ለእኔ ያ ዝምታ ሥራ ነው፤ ሰውየው ከራሱ ጋር እንዲቆይ ቦታ እየሰጠሁት ነው። ለእሱ ደግሞ ዝምታው «ምን ብዬ አስቀየምኳቸው?» ወይም «የሚሉት ጠፋቸው» ሊሆን ይችላል። ማስታወሻዬ ላይ «ዛሬ በጥልቀት አሰበ» ብዬ ስጽፍ፣ እሱ ታክሲ ውስጥ ሆኖ «ገንዘቤን ከፍዬ ምክር ሳላገኝ ወጣሁ» እያለ ይሆናል።

በግቡም እንዲሁ ነው። እንቅልፍ አጥቶ የመጣ ነጋዴ አለ እንበል (የምጠቅሳቸው ሰዎች እንዳይለዩ የብዙዎችን ታሪክ አዋሕጃለሁ)። ባለሙያው የአባትየውን ሞት አንሥቶ ይከተለዋል፤ ሰውየው ያለቅሳል፤ ባለሙያው ጥሩ እየሄድን ነው ይላል። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ «ዶክተር፣ እንቅልፌስ?» ይላል። እያለቀሰ የተቀመጠው ጥያቄው ተራውን ጠብቆ ይመለሳል ብሎ ነበር። የሐዘኑ መንገድ ስህተት ላይሆን ይችላል። ግን ከእንቅልፉ ጋር የሚያገናኘውን ድልድይ ማንም አላሳየውም፤ እሱም መጠየቁን ነውር አድርጎ አየው።

መተማመኑም ቢሆን ሁልጊዜ እኛ በምናስበው ቦታ አይገኝም። አዲስ አበባ ሰፊ ከተማ ትመስላለች፤ ገበናውን ይዞ ለሚመጣ ሰው ግን ጠባብ ናት። የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ ስሙን ከነአባቱ ጮክ ብላ ስትጠራው፣ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ቀና ብለው ሲያዩት፣ ለእሱ ሕክምናው እዚያው ላይ ተጀምሯል። እኔ በሬን ዘግቼ «እዚህ የሚነገር ከዚህ አይወጣም» ስል እሱ የሚያስበው ስለዚያ ጥሪ ነው። የኔ ማስታወሻ ይህን አይመዘግብም፤ የእሱ ታሪክ ግን የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ታዲያ እንዴት ይጠየቅ? መለኪያዎች አሉ። ሆርቫትና ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጡት መጠይቅ ለታካሚም ለባለሙያም የተዘጋጀ፣ 36 ዓረፍተ ነገር ያለው፣ ከ1 እስከ 7 የሚሞላ ነው። አጭሩ ቅጂ 12 ብቻ ነው። ጠቃሚ ናቸው፤ ይሉኝታ ያለበት ሰው ግን ባለሙያው እያየው ሁሉንም 7 አድርጎ ይሞላና ከምርቃት ጋር ያስረክባል። «ዛሬ እንዴት ነበር?» ብሎ መጠየቅም «በጣም ጥሩ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ከማስባል አያልፍም። እኔ የምጠይቀው ጉድለት መኖሩን አስቀድሜ ተቀብዬ ነው። «ዛሬ በደንብ ሳልረዳዎት ያለፍኩት ነገር አይጠፋም፤ የቱ ነው?» እላለሁ። ታላላቆቼን ደግሞ «ማታ እኅትዎ ምን ተባባላችሁ ብትልዎ ምን ይነግሯታል?» እላቸዋለሁ። ቅሬታው ለእኅት የሚነገር ሲሆን አፍ ላይ ይቀላል። አንዲት እናት ለዚህ ጥያቄ «ልጄ፣ ጥሩ ሰው ናት፣ ግን ትቸኩላለች እላታለሁ» ብለው መለሱልኝ። አንድ ወር ሙሉ ማመስገናቸውን ብቻ ስሰማ ከቆየሁት የበለጠ ያስተማረኝ ይህ ነው።

ጄረሚ ሳፍራንና ክሪስቶፈር ሙራን የግንኙነት መሻከርን በሁለት ይከፍሉታል፤ አንዱ መጋፈጥ፣ ሌላው መሸሽ። እኛ አገር ተቆጥቶ የሚጋፈጥ ታካሚ ብርቅ ነው፤ የሚሸሸው ግን ብዙ ነው። መሸሹም ጨዋ ስለሆነ አይታይም። «እሺ» ይበዛል፣ ታሪኩ ያጥራል፣ ምርቃቱ ይረዝማል፤ ከዚያ ስልክ አይነሣም። ምርቃቱ ሲረዝም ጆሮዬን አቀናለሁ። ቀጠሮ ለቀረ ሰውም «ለምን ቀሩ?» አልልም፤ ባለፈው የከበደው ነገር ካለ እሱን መስማት ከቀጠሮው እንደሚበልጥብኝ እነግረዋለሁ። አንዳንዱ ይመለሳል። የማይመለስም አለ፤ እሱ በሌላ በር ይግባ ብዬ ሌላ ባለሙያ እጠቁመዋለሁ።

ይህን ሁሉ የታካሚው ባሕርይ ነው ማለት ይቀላል። ባልድዊን፣ ዋምፖልድና አይመል እ.ኤ.አ. በ2007 የ80 ቴራፒስቶችንና የ331 ታካሚዎቻቸውን መረጃ መርምረው ያገኙት ይህን ማመካኛ ይነሣናል። ከውጤቱ ጋር የተያያዘው አንዱ ቴራፒስት ከሌላው የሚለይበት፣ በአማካይ ጠንካራ ግንኙነት የመመሥረት ችሎታው እንጂ በአንድ ቴራፒስት ሥር ባሉ ታካሚዎች መካከል ያለው ልዩነት አልነበረም። «ይህ ታካሚ አይቀረብም» ስንል ራሳችንን ቆም ብለን ማየት ያለብን ለዚህ ነው።

ስለዚህ ወጣት ባልደረቦቼ ሥራቸውን ይዘው ለውይይት ሲመጡ፣ ስለ በሽታው ከመናገራቸው በፊት ያንኑ ሰዓት በታካሚው አፍ እንዲተርኩልኝ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ ዝም ይላሉ፤ ያኔ ሄደው እንዲጠይቁ እልካቸዋለሁ። አንዱ ይዞልኝ የመጣው መልስ ከመሥሪያ ቤቷ ተልካ ከመጣች ሴት ነበር። ለወራት ስለ ትዳሯ አንድም ቃል ያልተነፈሰችው ለምን እንደሆነ ስትነግረው «እኔ ሳወራ እርስዎ ይጽፋሉ፤ የሚጽፉት ለአለቃዬ ይሁን ለራስዎ አላውቅም» ነበር ያለችው። ልጁ አሁን የሚጽፈው እሷ ከወጣች በኋላ ነው። መሥሪያ ቤቷ የሚደርሰው የተገኘችባቸው ቀናት ዝርዝር ብቻ መሆኑንም በወረቀት አስፍሮ፣ ፈርሞ ሰጥቷታል።