ጨርቁን ማን ሰጠው?

ከጥቂት ቀናት በፊት ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል የመኪናዬ የኋላ መስታወት ላይ በጣት የተጻፈ ነገር አገኘሁ። ‹‹እጠቡኝ!›› ይላል። የሰፈራችን ሕፃናት ናቸው፣ ምን ይደረግ! ፊደል የቆጠረ ልጅ አቧራ የጠጣ መኪና ካየ ከጥቁር ሰሌዳ አይለየውም። ድሮ ቢሆን ‹‹የማን ልጅ ነው?›› ብዬ ሰፈሩን አምሰው ነበር። አሁን ግን ዝም አልኩ። ዝም ያሰኘኝን ነገር ነው ዛሬ የማጫውታችሁ። ትችት ነውና ከሌላው በፊት ከራሴ ልጀምር።

እንደምታውቁት በእኛ ከተማ መኪና ማለት አራት ጎማ ያለው ዕቃ ብቻ አይደለም። የዕቁብ ውጤት ነው፣ የባንክ ብድር ነው፣ አንዳንዴም ውጭ አገር ያለ የወንድም ላብ ነው። ከባለቤቱ ልጆች በዕድሜ የሚበልጥ ኮሮላ አዲስ አበባ ውስጥ በየመንገዱ ታያላችሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ ያለው ሰው ያለችውን እንደ ዓይኑ ብሌን ሊጠብቃት ይገባ ነበር። ‹‹ይገባ ነበር›› ነው ያልኩት።

እስቲ የቅዳሜ ጠዋትን ነገር ተመልከቱልኝ። መኪናው በር ላይ ይቆማል፣ ሬዲዮው ይከፈታል፣ አንድ ባልዲ ውኃ ይመጣል፣ ለልብስ ከተገዛው የዱቄት ሳሙና አንድ እፍኝ ይዘገናል። በመጨረሻ ጨርቁ ይመጣል። ይህ ጨርቅ ታሪክ ያለው ጨርቅ ነው። መጀመሪያ የአባወራው ካናቴራ ነበር፤ አባወራው ሲጠግበው የሳሎን መወልወያ ሆነ፤ ሳሎኑ ሲጠግበው ወደ ወጥ ቤት ወረደ፤ ወጥ ቤቱ ሲተፋው የመኪና ማጠቢያ ተብሎ ተሾመ። ሳምንቱን ሙሉ መሬት ላይ ወድቆ ይከርምና ቅዳሜ ይነሣል። በዚያው ጨርቅና በዚያችው ባልዲ መጀመሪያ ቸርኬው ይታሻል፣ ከዚያ ፓራውልቱ፣ ከዚያ ኮፈኑ፣ በመጨረሻ ጣሪያው። ከታች ወደ ላይ! እግሩን ታጥቦ በዚያው ውኃ ፊቱን የሚታጠብ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። መኪና ሲሆን ግን ሁላችንም እናደርገዋለን።

የአዘቦቱ ቀን ደግሞ ይብሳል። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጥርግ ጥርግ እናደርጋለን። ‹‹አጸዳሁ›› እንላለን እንጂ ሥራውስ በአሸዋ ወረቀት ከማሸት እምብዛም አይለይም።

እኔም ከዚሁ ወገን ነበርኩ። አንዲት ጥቁር ሰማያዊ ኮሮላ አለችኝ። ለሁለት ዓመት ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያጥባት አንድ የሰፈራችን ልጅ ነበር። ማታ ማታ ይማራል፣ ቀን ቀን ያገኘውን ይሠራል። አንድ ቀን፣ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ጥርት ባለበት በመስከረም ቅዳሜ፣ ልጁ አጥቦ ሲጨርስ ፀሐይ ኮፈኑ ላይ አረፈች። ምን ልበላችሁ! ኮፈኑ ሙሉ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ነው። ደሜ ፈላ። ጎረቤት ቆሞ እያየ፣ ‹‹በሚስማር ነው እንዴ የምታጥባት?›› ብዬ ጮኽኩበት። ‹‹ጋሼ፣ እኔ እኮ…›› ሲል አላስጨረስኩትም። የዕለቱን ሒሳብ እንኳ ሳልሰጠው ‹‹ሁለተኛ እዚህ ግቢ እንዳላይህ!›› አልኩት። ልጁ ምንም አልመለሰልኝም። ጨርቁን አጠበ፣ ጨመቀ፣ አጥሩ ላይ አሰጣና ሄደ።

በሳምንቱ ጭረቱን ለማስጠፋት አንድ ጋራዥ ሄድኩ። ዕድሜያቸውን በቀለም ሽታ ውስጥ የጨረሱ አንድ አባት አሉ። ጎንበስ ብለው ኮፈኑን በፀሐይ አዩት፣ በጣታቸው ዳሰሱት።

‹‹በምንድነው የምትታጠበው?›› አሉኝ።

‹‹አንድ የማይረባ ልጅ ነው እኮ…››

‹‹ስለ ልጁ አልጠየቅኩህም። በምንድነው የምትታጠበው?››

የኋላውን ከፍቼ ያንን ጨርቅና የዱቄት ሳሙናውን አሳየኋቸው። ጨርቁን በሁለት ጣታቸው አንሥተው አዩትና ሳቁ።

‹‹ይኼንን ጨርቅ ማን ሰጠው?››

መልስ አልነበረኝም።

እኚህ አባት ያስተማሩኝን ለእናንተም ላካፍል። የመኪና ቀለም አንድ ቀለም አይደለም፤ ድርብርብ ነው። ላሜራው ላይ ፀረ ዝገቱ ይቀመጣል፣ ቀጥሎ መሠረቱ፣ ቀጥሎ ዋናው ቀለም፣ ከሁሉም በላይ ‹‹ክሊር›› የሚሉት ቀለም አልባ ልባስ። ፀሐዩንና ዝናቡን የሚቀበለው፣ የሚያብለጨልጨውም እሱ ነው። የዚህ ልባስ ውፍረት ከፋብሪካ ሲወጣ በአብዛኛው 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከራስ ፀጉር ይሳሳል! አቧራ ብለን የምንንቀው ነገር ውስጥ ደግሞ ከክሊሩ የጠነከረ የአሸዋ ቅንጣት አለ። ቅንጣቱ ጨርቁ ውስጥ ይሸጎጣል፣ እኛ ‹‹እሽት አድርገው!›› እንላለን፣ እሱም ይጽፋል። የልብስ ሳሙናው በበኩሉ ቀለሙ ላይ የተቀባ ሰም ካለ ሙልጭ አድርጎ ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው እርቃኑን የቆመ ልባስ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ብርድ ብርድ ስለሚለን አይታወቀንም እንጂ የከፍታ ፀሐይ ቀለምን ቶሎ ያደክማል።

‹‹እንግዲያው በማሽን ፖሊሽ ያድርጉልኝና ይጥፋ›› አልኳቸው።

‹‹ፖሊሽ ጭረት የሚሞላ ይመስልሃል? በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ክሊር ልጦ ነው የሚያስተካክለው። ዛሬ ያምርልሃል፤ ሰርግ በመጣ ቁጥር ካስደረግህ ግን አንድ ቀን ክሊሩ ያልቅና ቀለሙ ራሱ ይላጣል። የከበደውን አለዝብልሃለሁ፣ የቀረው ይቅር። ማስታወሻ ይሁንህ።››

አሁን በየቦታው ‹‹ሴራሚክ›› የሚባል መከላከያ ይቀባል። ስለ እሱም ጠየቅኳቸው። ነገሩ ክፉ አይደለም፤ ከሰም ይልቅ ይቆያል። ነገር ግን በተጫረ ቀለም ላይ ከቀቡት ጭረቱን አሽጎ ማስቀመጥ ነው፤ ነገ በክፉ አስተጣጠብም መጫሩ አይቀርም። ጥሩ ልባስ የክፉ ጨርቅ መድኃኒት አይደለም።

ታዲያ ደንበኛው አጠባ እንዴት ነው? ቤት ውስጥ የማይገኝ ነገር የለበትም። መኪናው ጥላ ሥር ይቆማል፤ ከመንገድ ከገባ ኮፈኑ እስኪበርድ ይጠበቃል። መጀመሪያ እጅም ጨርቅም ሳይነካው አቧራው በውኃ ይወርዳል። ከዚያ ሁለት ባልዲ፤ አንዱ ለመኪና የተሠራ ሳሙና፣ አንዱ ንጹሕ ውኃ። ለስላሳው ጨርቅ ከሳሙናው ይወጣል፣ ያብሳል፣ በንጹሑ ውኃ ይለቀለቃል፣ ተመልሶ ወደ ሳሙናው ይገባል። ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች፣ ሳይጫኑት። ቸርኬና ጎማ የራሳቸው ጨርቅ አላቸው፤ እሱ ኮፈን አይነካም። መሬት የወደቀ ጨርቅ ሳይታጠብ ተመልሶ ቀለም ላይ አያርፍም። በመጨረሻ በውኃ ይለቀለቃል፣ ውኃው ላዩ ላይ ሳይደርቅ በለስላሳ ፎጣ ይደርቃል፤ በየጥቂት ወሩ ደግሞ ሰም ይቀባል። የወፍ ኩስ ካረፈበት እስከ ቅዳሜ አይጠበቅም። ፀሐይ ካበሰለው ክሊሩን ይበላዋል። እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎ ማራስ፣ ሲለሰልስ ማንሣት ነው።

‹‹ውኃ ከየት ይምጣ?›› የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይኼ ጥያቄ ተገቢ ነው። ግን ጎማውን በር ላይ ዘርግተን ግማሽ ሰዓት አስፋልት ስናጠጣ፣ ጀሪካን የተሸከመች እናት በዚያው ጭቃ ላይ እየረገጠች ስታልፍ፣ ያኔ የውኃው ነገር ትዝ አይለንም። ለማጠቢያ ሁለት ባልዲ፣ ለማስለቀቂያ ጥቂት ጀሪካን፤ እንደዚያ ክፍት ከተተወ ጎማ በስንት እጁ ይሻላል!

ወደ ዋናው ነገሬ ልመለስ። እኔን ያሳፈረኝ የቀለሙ ነገር አይደለም፤ የልጁ ነገር ነው። ‹‹አህያውን ፈርቶ ዳውላውን›› ይላል ያገሬ ሰው። ጨርቁን የሰጠሁት እኔ፣ ሳሙናውን የገዛሁት እኔ፣ ‹‹ቶሎ ጨርስ›› ያልኩት እኔ፣ ጭረቱ ሲመጣ ግን ተጠያቂው እሱ! እስቲ ዞር ዞር ብላችሁ እዩት፣ ነገራችን ሁሉ እንዲህ አይደለም? ለቤት ሠራተኛዋ እጀታው የወለቀ ድስት እንሰጣትና ወጡ ሲደፋ ‹‹እጅሽ ልምሾ ነው!›› እንላታለን። ለጸሐፊዋ በቀን ሦስቴ የሚሞት ኮምፒዩተር እናስረክብና ደብዳቤው ሲዘገይ በማስጠንቀቂያ እንደርስላታለን። መምህሩን መጽሐፍ በሌለበት ክፍል ውስጥ አቁመን ልጃችን ሲወድቅ ‹‹የዛሬ አስተማሪ!›› እንላለን። ሁሌም የምናየው ጭረቱን ነው። ጨርቁን ማን እንደሰጠ የሚጠይቅ የለም።

ልጁን ፈለግኩት። ብዙም ሳይርቅ አንድ ላቫጆ ተቀጥሮ አገኘሁት። ‹‹ጋሼ፣ እንደምን ነዎት?›› አለኝ፣ እንደ ድሮው ጎንበስ ብሎ። ያስቀረሁበትን ሒሳብ ሰጠሁትና ‹‹ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ ይቅርታ አድርግልኝ›› አልኩት። ጥቂት ዝም አለ።

‹‹እኔ እኮ ያን ጊዜ ሁለተኛ ባልዲ ጠይቄዎት ነበር›› አለኝ።

ትዝ አለኝ። አዎ፣ ጠይቆኝ ነበር። አንድ ጊዜም አይደለም። የመለስኩለትም ትዝ አለኝ፤ ‹‹መኪና ነው ወይስ ዝሆን የምታጥበው?›› ነበር ያልኩት። ጎረቤት ስቆ ነበር። እኔም በራሴ ቀልድ ስቄ ነበር።

‹‹ችግር የለም ጋሼ›› አለኝና ወደ ሥራው ተመለሰ፤ መኪና ተሰልፎ ይጠብቀው ነበር። ይቅር ብሎኝ ይሁን አይሁን አላውቅም። ‹‹ችግር የለም›› በእኛ አገር ብዙ ችግር የሚሸፈንበት ሰም ነው።

አሁን መኪናዬን የማጥበው ራሴ ነኝ። ‹‹እጠቡኝ›› የተባለውን ቀን ማታ ስመለስ ጸሐፊዎቹን ሕፃናት ጠራኋቸው። እየፈሩ መጡ። ሁለት ባልዲ ሞላሁ፣ ለእያንዳንዳቸው ንጹሕ ጨርቅ ሰጠኋቸው፣ ከላይ ወደ ታች አጠብናት። ከመካከላቸው ትንሿ ኮፈኑን ትክ ብላ አየችና ‹‹ይኼን ማነው የጫረው?›› አለችኝ።

‹‹እኔ ነኝ›› አልኳት።

እናንተም ቅዳሜ መኪናችሁን ስታሳጥቡ፣ አጣቢውን ከመቆጣታችሁ በፊት ጨርቁን እዩት። ቸር ያሰንብተን።