አውቆ ማመንና አምኖ መኖር

ወጣቶች ሆይ፤ ሚሲዮናውያኑ ኢሰንበርግና ክራፍ ስለ ሸዋ የጻፉት የዕለት ማስታወሻ በ1843 በለንደን ታተመ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ)። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር፣ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጅ ነኝና መጽሐፉን አከብረዋለሁ። ስለ አገራችን ስለ አንኮበር ብዙ ያስተምራል። ይሁን እንጂ አንድ ነቀፌታ አለኝ።

ክራፍ በ1839 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ መጥቶ እስከ 1842 ቈየ። ቅዱሳት መጻሕፍትን አደለ፤ ከካህናቱም ጋር ስለ ጾም፣ ስለ ቅዱሳን አማላጅነት፣ ስለ ክርስቶስ ልደት ተከራከረ። ክርክሩ በመጽሐፉ ሰፊ ቦታ ስለ ያዘ፣ አንባቢው በቃል የተረታ ሰው ሁሉ ያመነ ሊመስለው ይችላል። ነቀፌታዬ ይህ ነው።

ካህናቱም እርስ በርሳቸው ስለ «ሁለት ልደት» እና ስለ «ሦስት ልደት» ይከራከሩ ነበር። በ1841 ንጉሡ ለሦስት ልደት ፈረደ፤ በ1878 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ግን ይህ ትምህርት ተወገዘ። ሃይማኖትን አጥርቶ ማወቅን አልንቅም። ነገር ግን በዚያው በሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከአንኮበር ቍልቍል በአልዩ አምባ በኩል፣ የሰው ልጅ እንደ ከብት ይሸጥ ነበር። ስለ ክርስቶስ መወለድ ጠንቅቆ የሚናገር አንደበት፣ ክርስቶስ ስለ ሞተለት ሰው ዝም ካለ፣ እምነቱ ከራስ ወደ ልብ አልወረደም።

በእኔ አስተያየት የክራፍ እምነት የታየው ከዚያ መጽሐፍ ውጭ ነው። በ1844 በሞምባሳ ሚስቱና አራስ ልጁ ሞቱበት፤ እርሱም በንዳድ ታሞ ነበር። በዚያ የሚረታው ተከራካሪ አልነበረም። ሁለቱን ቀብሮ በዚያው ቈየ፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ስዋሂሊ መተርጐሙንም አልተወም።

እንግዲህ «ይህ እውነት ነው» ብሎ መመስከር የአእምሮ ሥራ ነው፤ ማወቅማ ለሰይጣንም አልጐደለውም። በዚያ እውነት ላይ ጥቅምንና ምቾትን መጣል ግን የሙሉ ልብ እምነት ነው። የሃይማኖት ጥያቄ ሁሉ መልስ በቃላችሁ ይኖር ይሆናል፤ መልካም ነው። እኔ ግን ሌላ እጠይቃችኋለሁ፤ እናንተ ስትማሩ በቤታችሁ እንጀራ የምትጋግረው ልጅ ፊደል ቈጥራለችን?